አንድ ጊዜ ወስን፣ ማሽኑ ይድገምልህ

ትናንት ቢሮ ውስጥ ስንት ገጽ ፕሪንት አደረግህ?

አታውቀውም። አጠገብህ የሚቀመጠው ባልደረባህም አያውቅም። አለቃህም አያውቅም። ንብረት ክፍል የሚያውቀው ስንት ደስጣ ወረቀት ፈርሞ እንዳስረከበ ነው። ወረቀቱ ምን ሆነ? ማን ምን አተመበት? ስንቱ ተነበበ? ስንቱ ሳይነበብ ቅርጫት ገባ? የሚጠይቅ የለም።

ዛሬ አንተ ጠይቅ!

ኮንትሮል ፒ ተጭኖ፣ ስክሪኑን እንኳ ሳያዩ "ኦኬ" ማለት ልማድ ነው። በየቀኑ ሳታስብበት ትደጋግመዋለህ። ማንም ሲወለድ ይዞት አልመጣም፤ ቢሮ ገብተህ የተማርከው ነው። የተማርከውን ደግሞ መተው ትችላለህ። የሚያስፈልግህ አንድ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ነው።

ግን አደራ! ውሳኔህን ግድግዳ ላይ ለጥፈህ አትቁም።

ከማሽኑ በላይ በኩል በፕላስተር የተለጠፈችውን ወረቀት ታውቃታለህ። "እባክዎ ወረቀት ይቆጥቡ" ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ያነባታል። ወር ሳይሞላ ዓይን ይለምዳታል። ከዚያ በኋላ እዚያ መኖሯንም የሚያስታውስ የለም።

በስዊድን አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸውት ነበር። በአንድ በኩል ሠራተኞች ወረቀት እንዲቆጥቡ የሚያሳስብ መልእክት ደረሳቸው። በሌላ በኩል ማንም ሳይለመን ፕሪንተሮቹ ራሳቸው ከመነሻው ፊትና ጀርባ እንዲያትሙ ተስተካከሉ። ጥናቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ። ማሳሰቢያው ምንም ለውጥ አላመጣም። ማስተካከያው ግን የወረቀት ፍጆታውን በ15 በመቶ ቀነሰው። ለዚያውም ወዲያው! ከወራት በኋላም ውጤቱ አልደበዘዘም።

ለምን ይመስልሃል? ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ ነው? አይደለም። ፕሪንት የሚያደርግ ሰው በዚያች ደቂቃ ስለ ወረቀት አያስብም። የሚያስበው ስለ ስብሰባው ነው፤ ስለ ሪፖርቱ ነው፤ በር ላይ ስለቆመው ባለጉዳይ ነው። እሱ ባላሰበበት ሰዓት የሚወስንለት ማሽኑ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ወስን!

አሁኑኑ ኮምፒውተርህን ክፈት። ፕሪንተሮች የተዘረዘሩበት ቦታ ግባ። የምትጠቀምበትን ፕሪንተር ስም በቀኝ ክሊክ ንካና "ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስ" የሚለውን ምረጥ። ፊትና ጀርባ የሚለውን ምረጥ። ጥቁርና ነጭ የሚለውን ምረጥ። አስቀምጥና ውጣ። አለቀ። ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ገጽ ማተም የሚፈልግ ሰው እሱ ነው የሚያስበው፤ ፊትና ጀርባው ግን ማንም ሳያስብ ይታተማል።

የቢሮህን ኮምፒውተሮች በሙሉ እንዲህ ለማስተካከል ደግሞ የአይቲ ባለሙያውን ጠይቀው። ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ጠይቀኸው ታውቃለህ?

ማኅተም የሚያርፍበት ደብዳቤ፣ ውል፣ ደረሰኝ በአንድ ገጽ መታተም ካለበት ይታተም። ደንብህ ላይ በስም ጠቅሰህ ለያቸው። መውጫ በር የሌለው ደንብ በሁለተኛው ቀን ይሰበራል፤ አንዴ የተሰበረን ደንብ ደግሞ ማንም አያከብረውም።

አሁን ቁጥር ውስጥ እንግባ። ቁጥር ያነቃል።

20 ሠራተኛ ያለበት ቢሮ እንውሰድ። እያንዳንዱ በቀን 10 ቅጠል ያትማል እንበል። በቀን 200 ቅጠል ሆነ። በወር 22 የሥራ ቀን ካለ 4,400 ቅጠል። አንድ ደስጣ 500 ቅጠል ስለሆነ ወደ 9 ደስጣ ይጠጋል። የተለመደው ኤ4 ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ 16 ቅጠል አንድ ካሬ ሜትር ይሞላል፤ ስለዚህ አንዷ ቅጠል 5 ግራም ትመዝናለች። 4,400 ቅጠል 22 ኪሎ ማለት ነው። ይህን 22 ኪሎ በየወሩ ራስህ ተሸክመህ አራተኛ ፎቅ ብትወጣ ኖሮ እያንዳንዷን ቅጠል ትቆጥራት ነበር።

ቁጠራት! ለመቁጠር ደብተርና ተቆጣጣሪ አያስፈልግህም። ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል። አብዛኞቹ የቢሮ ፕሪንተሮችና ኮፒ ማሽኖች ከተተከሉ ጀምሮ ስንት ገጽ እንዳተሙ የሚያሳይ ቆጣሪ አላቸው፤ በማሽኑ ሜኑ ውስጥ ታገኘዋለህ። ዛሬ አንብበው። ቁጥሩን ከነቀኑ መዝግብ። ይህ መነሻህ ነው። መነሻውን የማያውቅ ሰው መሻሻሉንም ማወቅ አይችልም።

"እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ፤ የቢሮ ደንብ ማውጣት የእኔ ድርሻ አይደለም" አልክ?

አንድ ሠራተኛ ላሳይህ። ቼስተር ካርልሰን ይባላል። ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ኩባንያ የፓተንት ክፍል ይሠራ ነበር። ሥራው ሰነድ በሰነድ ነው፤ ቅጂ ደግሞ ሁልጊዜ ያጥራል። ማታ ማታ ሕግ ይማራል፤ መጽሐፉን መግዛት ስለማይችል ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ በእጁ ይገለብጣል። እጁን ያመዋል። ዓይኑ ይደክማል። እንደ ሌላው አማርሮ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን "ይህ ነገር ሌላ መንገድ ሊኖረው ይገባል" አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 አስቶሪያ በተባለ ሰፈር በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ረዳቱ ጋር የመጀመሪያዋን ደረቅ ቅጂ አወጣ። በቅጂዋ ላይ የነበረው ቀኑና የሰፈሩ ስም ብቻ ነው።

ዓለም አጨበጨበለት? ከ20 በላይ ኩባንያዎች "አንፈልገውም" አሉት። ዓመታት አለፉ። እሱ ግን አልተወም። በመጨረሻ ሃሎይድ የተባለ ብዙም የማይታወቅ ኩባንያ ተቀበለውና እ.ኤ.አ. በ1959 ዜሮክስ 914 የተባለው ማሽን ገበያ ወጣ። ቁልፍ ትጫናለህ፣ ቅጂ ይወጣል። ዛሬ በየቢሮው ያለው ማሽን የዚያ ሠራተኛ እልህ ልጅ ነው።  የቢሮው ችግር የእሱ ችግር እንደሆነ ወሰነ።

አንተስ ምን ይዞሃል?

"ከየት ልጀምር?" ካልክ ደግሞ፣ እኔ ብሆን ከደብዳቤው ግርጌ እጀምራለሁ። ከ"ግልባጭ"።

አንድ ደብዳቤ አንሳና ግርጌውን እይ። ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት፣ ለፋይናንስ፣ ለሰው ሀብት፣ ለውስጥ ኦዲት፣ ለንብረት ክፍል፣ ለመዝገብ ቤት። አንድ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ስለወጣ ሰባት ቅጠል! ልማዱ ከጽሕፈት መኪና ዘመን የመጣ ነው። ያን ጊዜ በወረቀቶቹ መካከል ካርቦን ይገባል፤ ጸሐፊዋ አንዴ ስትመታ ቅጂው አብሮ ይወጣል። ካርቦኑ ከቀረ ስንት ዘመኑ! ዝርዝሩ ግን እንዳለ ነው። እንዲያውም እየረዘመ ሄዷል። ስም ካልተጻፈ የሚቀየም ክፍል አለና።

ስለዚህ በእያንዳንዱ የግልባጭ መሥመር ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ይህ ክፍል ደብዳቤው ሲደርሰው ምን ይሠራበታል? ክፍያ የሚከፍልበት ከሆነ ይድረሰው። ዕቃ የሚያስረክብበት ከሆነ ይድረሰው። መልሱ "ፋይል ያደርገዋል" ከሆነስ? ስካን አድርገህ በኢሜይል ላክለት፤ እሱም በኮምፒውተሩ ፋይል ያድርገው። የሚቀየም ካለ ሄደህ አነጋግረው። ያከበርከው ሰው ይረዳሃል። "ከእንግዲህ ደብዳቤው በአንድ ሰዓት ውስጥ ኢሜይልዎ ላይ ይገባል፤ ተላላኪ መጠበቅ ቀረ" ስትለው ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም።

ቀጥሎ ረቂቁ። አንዲት የአንድ ገጽ ደብዳቤ እስክትፈረም ስንት ጊዜ ትታተማለች? አለቃ በቀይ እስክሪፕቶ አንድ ቃል ያርማል፤ እንደገና ትታተማለች። ነጠላ ሰረዝ ይጨምራል፤ እንደገና። ቀኑ ተሳስቷል፤ እንደገና። ይህ መሆን የለበትም! ረቂቅ በስክሪን ይታረማል፤ የሚታተመው የሚፈረመው ብቻ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ደንብህ ውስጥ አስገባ። አለቃህ በስክሪን ማንበብ የሚከብዳቸው ትልቅ ሰው ከሆኑ አክብረህ አስተናግዳቸው፤ ፊደሉን አጉላላቸው፣ ወንበር ስበህ አብረሃቸው ተቀመጥ። አምስት ደቂቃ ነው።

አማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። ደብዳቤውን በአንድ ኮምፒውተር በአሮጌው፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፊደል ትጽፈዋለህ፤ በፍላሽ ይዘህ ፕሪንተሩ ወዳለበት ኮምፒውተር ትሄዳለህ፤ እዚያ ፊደሉ የለም። ትጫናለህ። የሚወጣው የማይነበብ ምልክት ነው። አሥር ገጽ የማይነበብ ምልክት! መፍትሔው ቀላል ነው። ቢሮው በሙሉ በአንድ ዩኒኮድ ፊደል ይጻፍ። ፋይሉ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ከመሄዱ በፊት ፒዲኤፍ ይሁን። ከመጫንህ በፊት ደግሞ ፕሪቪው እይ። ሁልጊዜ እይ።

ቀለሙንም አትርሳ። በቶነር ካርቶን ላይ የሚጻፈው "ይህን ያህል ሺህ ገጽ ያትማል" የሚለው ቁጥር የሚሰላው የገጹ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ቀለም ሲያርፍበት ነው። ግማሽ ገጽ የሚሸፍን ጥቁር ሣጥን ያለበትን ሽፋን ስታትም የአሥር ገጽ ቀለም በአንዲት ገጽ እየጨረስክ ነው። ለሪፖርት ሽፋን ማማር ሲባል ለደንበኛ ደረሰኝ የሚሆን ቶነር ማለቅ የለበትም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። የግል ፕሪንት።

የልጅ የትምህርት ቤት ወርክሺት አለ። የእድር ደብዳቤ አለ። ሲቪ አለ። የሠርግ ፕሮግራም አለ። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወራም። ብዙ ቢሮዎች "ፈጽሞ ክልክል ነው" ብለው ይጽፋሉ፤ ሠራተኛውም ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ተደብቆ ያትማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውን የሚያስደብቅ ደንብ ሰውን ያሳንሳል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር የተወሰነ ገጽ ፍቀድ፤ ቁጥሩን ሠራተኞቹ ራሳቸው ተወያይተው ይወስኑት። ከዚያ የበለጠ የሚፈልግ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ ወይም ኮፒ ቤት ይሂድ። በግልጽ የተፈቀደ አምስት ገጽ ተደብቆ ከሚታተም ሃምሳ ገጽ ይሻላል። ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ ማድረግ ግን በምንም ስም አይፈቀድ። የደራሲ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው፤ የቢሮ ማሽን የሰው ልፋት መንጠቂያ አይሁን።

ይህ ሁሉ ለአለቃም ይሠራል። በተለይ ለአለቃ! ሥራ አስኪያጁ ሃምሳ ገጽ ባለ ቀለም ፓወርፖይንት እያሳተመ ሌላውን "ቆጥብ" ቢል ማን ይሰማዋል? መሪ ከሆንክ የመጀመሪያው ሳምንት የአንተ ነው። በስብሰባ ላይ ወረቀት ሳትይዝ ግባ። ሰው ያያል። ሳትናገር ይከተልሃል።

ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ፕሪንት አድርገህ ሳታነሳው የሄድከው ወረቀት የት ደረሰ?

ማሽኑ ላይ የቀረ የደመወዝ ዝርዝር፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የመታወቂያ ኮፒ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያየዋል። ከዚያ ቅርጫት ይገባል። ከቅርጫቱ ይወጣና ለቆሎና ለኦቾሎኒ መጠቅለያ ይሆናል። መንገድ ላይ ቆሎ ገዝተህ መጠቅለያውን ያነበብክ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሃል። በዚያ ወረቀት ላይ ያለው የአንድ ሰው ስም ነው፤ የአንድ ሰው ደመወዝ ነው። ዛሬ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አዋጁ ባይኖርስ? የባልደረባህን ደመወዝ መንገድ ላይ መበተን ትፈልጋለህ?

ስለዚህ ሦስት ነገር ወስን። ማሽንህ በፒን የሚያትም ከሆነ አገልግሎቱን ክፈተው፤ አንተ ማሽኑ ጋ ደርሰህ ቁጥርህን እስክትነካ ወረቀቱ አይወጣም። ረስተህ የተውከውም ጨርሶ አይታተምም። የሰው መረጃ ያለበት ወረቀት ሳይቆራረጥ ቅርጫት አይግባ። ጀርባው ንጹሕ የሆነውን፣ የማንም መረጃ የሌለበትን ወረቀት ደግሞ ቆርጠህ በስቴፕለር ያዘውና የማስታወሻ ደብተር አድርገው። ሽቦ ያለበትን ወረቀት ግን ወደ ማሽኑ አትመልስ፤ ማሽኑን ትጎዳዋለህ።

ከማሽኑ ጋር ተስማማ። በማሽኑ ውስጥ ባሉ ሁለት ሮለሮች መካከል ባለው ሙቀት የቶነሩ ዱቄት ቀልጦ ነው ወረቀቱ ላይ የሚጣበቀው፤ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። እርጥበት የጠጣ ወረቀት እዚያ ሲደርስ ይጠቀለላል፤ ማሽኑም ይነክሰዋል። በክረምት ወረቀት አብዝቶ የሚያዘው ለዚህ ነው። ደስጣውን እስክትጠቀምበት አትክፈተው፤ ወለል ላይም አታስቀምጠው። ወረቀት ሲያዝ የሚያወጣ አንድ የሠለጠነ ሰው ይኑር፤ እሱ ሲቀር የሚተካው ሌላ ሰው ይኑር። ስማቸው ማሽኑ ላይ ይጻፍ።

አሁን ከቢሮህ በር ውጣና ባለጉዳዩን እየው።

"የመታወቂያ ሁለት ኮፒ አምጪ" ተብላለች። ዝናብ ነው። ልጅ አዝላለች። ኮፒ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ተሻግራ፣ ወረፋ ይዛ፣ ከፍላ ተመልሳ መጣች። ያ ኮፒ ምን ሆነ? አንዱ ፋይል ውስጥ ገባ፤ ባለፈው ዓመት ያመጣችው ሌላ ኮፒ አጠገብ። ሁለተኛው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ቢሮህ የሚቆጥበው የራሱን ወረቀት ብቻ ከሆነ ገና አልጀመርክም። ከባለጉዳይ የምትጠይቀውን ኮፒ ሁሉ በአንድ ወረቀት ዘርዝር። ከእያንዳንዱ አጠገብ ጻፍ፦ የሚያነበው ማን ነው? ፋይሏ ውስጥ ካለ አትጠይቃት። ዋናውን አይቶ መመለስ ከበቃ አይተህ መልስላት። ቁጥሩን መመዝገብ ከበቃ መዝግብ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ዓመታት ተቆጠሩ፤ ፋይዳ መታወቂያም በእጃችን ነው። መንገዱ ተጠርጓል። የቀረው የአንተ መሥሪያ ቤት እርምጃ ነው። አንድ ኮፒ ከዝርዝሩ ስትሰርዝ በዓመት ስንት እናት፣ ስንት ሽማግሌ መንገድ ከመሻገር እንደምታሳርፍ አስብ። ይህን ማድረግ ትችላለህ። አንተ፣ በዚህ ሳምንት!

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ሰብሰብ በሉ። ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። ጸሐፊዋ ትኑር፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው ይኑር፣ ተላላኪው ይኑር፤ ወረቀቱ በእጃቸው የሚያልፈው እነሱ ናቸው፤ የት እንደሚባክን ከማንም በላይ ያውቃሉ። መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ። ደንቡ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ከአንድ ገጽ ያለፈ የወረቀት ቁጠባ ደንብ አይነበብም። ሁሉም ይፈርሙበት፤ መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ።

ከዚያ ለሠላሳ ቀን ሥሩበት። አንዳንዱ ይረሳል፤ አስታውሰው እንጂ አታሳጣው። አንዳንዱ ነጥብ አይሠራም፤ ቀይረው።

ሠላሳው ቀን ሲሞላ ቆጣሪውን አንብብና ከመነሻው ቁጥር ጋር ለሁሉም አሳይ። የተረፈው ስንት ደስጣ ነው? ስንት ቶነር ነው? ፋይናንስ ወደ ብር ይቀይረው። ከዚያ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል ብለህ ሠራተኞቹን ጠይቃቸው። ለመዝገብ ቤቱ ስካነር ይሆናል። ለባለጉዳይ መቀመጫ አግዳሚ ወንበር ይሆናል። ለጸሐፊዋ ወገብ የሚደግፍ ወንበር ይሆናል። እነሱ የመረጡት ዕቃ በመጣ ዕለት ለሁለተኛው ወር ደንብ ማንንም መለመን አያስፈልግህም።